ጥያቄ ቁጥር 7፦ የአንድ ወሰነ ትምህርት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6፣ 2017

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወሬ ገና አልበረደም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አሁን የወጣው የ2016ቱ 5.4 በመቶ ነው። ዛሬ በሻይ ሰዓት ስታፍ ውስጥ ሁሉም የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ሲያማ ነበር። እኔም አማሁ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። እነዚያ ልጆች የዛሬ ስድስት ዓመት የኔ ቢጤ መምህር ፊት ተቀምጠው ነበር።

ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «እና ምን እናድርግ ነው የምትለው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የአማርኛ መምህርቷ ናት ያዳነችኝ። «በየሳምንቱ ረቡዕ ከክፍል በኋላ አርባ ደቂቃ እንቀመጥ። ሪፖርት ለመሙላት ሳይሆን ልጆቹ የጻፉትን ለማየት» አለች። የአይሲቲው ልጅም፣ የኮምፒዩተር መምህራችን፣ «እኔም አለሁበት» አለ። አራት ሆንን።

መረጃ አጥተን አይደለም። ሮስተር አለ፣ ማርክ ሊስት አለ፣ የቀሪ መዝገብ አለ፣ የ1 ለ 5 የተማሪዎች ጥናት ቡድን ቅጽ አለ። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፋይል አለ፤ በዓመት 60 ሰዓት የሚሞላው። ፋይሌን ሳሳምር ያጠፋሁትን ጊዜ ፋይሉ ላይ ብመዘግበው 60ው ሰዓት በሱ ብቻ ይሞላል። ሁሉም ተሞልቶ ቁም ሳጥን ይገባል። ተመልሶ ክፍል የገባ ወረቀት ግን አላየሁም።

ጥቅምት 13

የ6ኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ ያደረግነው ሁሌም የምናደርገውን ነው። ከ50 በታች ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፤ ከ50 እስከ 74 ስንት፤ ከዚያ በላይ ስንት። ሠንጠረዡ ቆንጆ ሆነ። አማርኛ መምህርቷ አየችውና «እሺ፣ ነገ ጠዋት ምን ታስተምራለህ?» አለችኝ። ሠንጠረዡ ይህን አይናገርም።

ሁለት ወረቀት አወጣሁ። ሁለቱም ልጆች ከ20 ጥያቄ 11 አግኝተዋል። ማርክ ሊስቴ ላይ መንታ ናቸው። አንዱ ክፍልፋይ ላይ ያለውን በሙሉ ስቶ ጂኦሜትሪውን ጠራርጎ ሠርቷል። ሌላዋ ደግሞ በቁጥር የተሰጣትን ሁሉ ሠርታ በቃላት የቀረበውን አንዱንም አልነካችም። ለሁለቱም «የማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል» ብዬ አንድ ክፍል ውስጥ ላስቀምጣቸው ነበር። አንዱን ሆዱን፣ ሌላዋን ጥርሷን እያመማት ለሁለቱም አንድ ኪኒን እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ ውጤቱን ትተን ጥያቄ በጥያቄ ልናይ ተስማማን። 6ሀ እና 6ለ ተደምረው 97 ተማሪ ናቸው። በ20 ጥያቄ ሲባዛ 1,940 መልስ። ጋሼ ሳቁ። «ጡረታ እስክወጣ ይበቃኛል።»

ጥቅምት 20

የአይሲቲው ልጅ ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠራ። ወደ ታች የተማሪ ቁጥር፣ ወደ ጎን የጥያቄ ቁጥር። ስም አላስገባንም። እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ አነባለሁ፤ እሱ ይጽፋል። 30ኛው ተማሪ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሩ ዩፒኤስ የለውም። ሴቭም አልተደረገም።

ትልቅ ካሬ ወረቀት አውጥተን በእርሳስ ጭረት ቀጠልን። አራት ቋሚ ጭረት፣ አምስተኛው አግድም። ይህን ሥራ ለማንም መምህር ስመክር ከዚህ በኋላ ከወረቀቱ እንዲጀምር ነው የምለው። ኤክሴል ላይ ቁጥር ዝም ብሎ ይገባል። ወረቀት ላይ ግን ጭረቱ አንድ ቦታ ላይ ሲከመር ዓይንህ እያየ ነው። ጥያቄ ቁጥር 7 ላይ የሆነው እንደዚያ ነው። ከፊደል «ለ» አጠገብ ያለው ቦታ ሞልቶ ወደ ሌላ ሳጥን ፈሰሰ።

ጥያቄው ቀላል ነው። 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው? ትክክለኛውን 7/12 የመረጡት 31 ናቸው። 2/7ን የመረጡት 51። የቀሩት 15 ሌሎቹን።

51 ልጅ በግምት አንድ ቦታ ላይ አይወድቅም። ሕግ አላቸው ማለት ነው። ተሳስቷል፤ ግን ሕግ ነው።

ጥያቄ 12 ላይም ሌላ ክምር አለ። ከ0.6፣ ከ0.45፣ ከ0.125 እና ከ0.5 ትልቁ የቱ ነው ይላል። 40 ልጆች 0.6 አሉ። 38ቱ ደግሞ 0.125። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 125 ከ6 ይበልጣላ!

ጥቅምት 27

የኔ ተራ ነበር። የውርደት ማለቴ ነው።

የፈተና ጥያቄ ራሱ ደህና መሆኑን የሚያጣሩበት የቆየ ዘዴ አለ። ተማሪዎቹን በአጠቃላይ ውጤታቸው ትደረድራለህ። ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታች 27 በመቶውን ትወስዳለህ። ይህን 27 የሚባል ቁጥር ትሩማን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1939 ያቀረበው ነው። ከ97 ተማሪ 26 ከላይ፣ 26 ከታች ይሆናል ማለት ነው። ጥሩ ጥያቄ ከሆነ ከላይ ያሉት ከታች ካሉት በልጠው ይመልሱታል።

ጥያቄ 15 ላይ ከላይ ካሉት 26 ልጆች ያገኙት 3 ብቻ ናቸው። ከታች ካሉት ግን 9 አግኝተውታል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ጎበዞቹ በአንድ ቀን ደነዘዙ?» አሉ። ጥያቄውን ራሴ ሠራሁት። ሁለት ጊዜ። ልጆቹ አልደነዘዙም። መልሱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «መ» መሆን የነበረበትን «ሐ» ብዬ ይዤ 97 ወረቀት አርሜበታለሁ። ለስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረግኩ እግዜር ይወቀው።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ጥያቄ 15 ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ማርክ ይስተካከላል» አልኩ። አንድ ልጅ ከኋላ «ቲቸርም ይሳሳታል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ማርክ የሚቀነስባቸው ግን አልሳቁም። ተሰልፈው ስታፍ ድረስ መጡ። ልቀንስ ወይስ ልተው በሚለው ሁለት ቀን ከተከራከርን በኋላ የተጨመረላቸው ይጨመርላቸው፣ የማንም ግን አይቀነስ አልን።

ኅዳር 4

ዛሬ ሊፈርስ ነበር።

የጥያቄ 7ን ክምር ይዤ «ይህ ሕግ ከ5ኛ ክፍል ይዘውት የመጡት ይመስለኛል» አልኩ። ተራ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የጋሼ ፊት ተለዋወጠ። «28 ዓመት ጠመኔ በልቻለሁ። አሁን አንተ ጭረት ቆጥረህ በእኔ ላይ ጣት ትቀስራለህ?» ተነሱ። መጀመሪያ ላይ ‹የመምህር ስም አይነሳም› የሚል ደንብ አውጥተን ነበር። ግን 5ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ምን ይሠራል!

አማርኛ መምህርቷ ተከትላቸው ወጣች። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም። ሲመለሱ የጥያቄ 15ን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አዩት። የኔን ጥፋት። ከዚያ ከቦርሳቸው የዓመቱን ዕቅዳቸውን አወጡ። ክፍልፋይ መደመርን ያስተምራሉ። ከዚያ ማባዛትን ያስከትላሉ። ማባዛት ላይ ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ነው። ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ክረምት። «የመጨረሻውን ሕግ ይዘው ወጥተዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ማባዛቱ መደመሩን በልቶታል።»

ይህን እኔ ብቻዬን መቼም አላገኘውም ነበር። የሳቸውን ዕቅድ አይቼው አላውቅማ። ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ስናስተምር!

ኅዳር 9

አንዷን ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ጠራኋት። 2/7 ካሉት ናት። የተቆጣኋት መስሏት እጇን ኋላዋ ደብቃ መጣች። «ተሳስተሻል አላልኩም፤ እንዴት እንደሠራሽው ብቻ አሳዪኝ» አልኳት።

«አንድና አንድ ሁለት። ሦስትና አራት ሰባት። ሁለት ሰባተኛ» አለች። እርግጠኛ ናት።

«ጥሩ። በዚሁ መንገድ ግማሽና ግማሽ ደምሪልኝ።»

ጻፈች። አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና ሁለት አራት። 2/4።

«ይህን አቅልይው።»

«አንድ ሁለተኛ።»

«እናትሽ ግማሽ እንጀራ ሰጠችሽ። ቆይታ ሌላ ግማሽ ጨመረችልሽ። ስንት በላሽ?»

«አንድ እንጀራ።» ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። እንደገና ወረቀቱን አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ቲቸር፣ ግማሹን ማን በላው?»

ለ15 ዓመት «የጋራ ታህት ፈልጉ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ለምን እንደሚፈለግ ግን ይህቺን ያህል ያስረዳሁ አይመስለኝም።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ በጭስ ታጥኖ ዋለ፤ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ እንደተለመደው። ከ6ለ ብዙ ልጅ ቀርቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን መዝገቡን ከያዝኩ አይቀር ብዬ ወደ ኋላ ገለጥኩት።

በዓል ባልሆነ ቀንም አንድ ነገር አለ። 11 ልጆች በተደጋጋሚ አርፍደዋል፤ ደግሞ እነዚያው ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 9ኙ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የሄዱ ናቸው። ትምህርት ቤት አልቀየሩም። ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። አውቶቡስ ከመጣ አውቶቡስ። 6ለ ደግሞ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንደኛ ክፍለ ጊዜው ሒሳብ ነው። እነዚህ ልጆች ከመስከረም ጀምሮ የሒሳብን ጅራት እንጂ ራስ አላዩም። እኔ ደግሞ ‹ግዴለሽ ናቸው› ብዬ ከበር ውጭ አቁሜያቸዋለሁ።

ዩኒት መሪው ጋ ሄድኩ። «ፕሮግራም በመስከረም ነው የሚሠራው፤ አሁን ብትነካው ሁሉም ይናጋል» አለኝ። እውነቱን ነው። መለመኑን ግን አልተውም።

ኅዳር 25

ከሁሉም የከበደኝ የዛሬው ነው።

ጥያቄ 18 እንዲህ ይላል፦ «አንድ ነጋዴ 84 ኪሎ ጤፍ ነበረው። አንድ ሦስተኛውን ሸጠ። ከቀረው ላይ ግማሹን ለወንድሙ ሰጠ። ስንት ኪሎ ቀረው?» መልሱ 28 ነው። 46 ልጆች አግኝተውታል። 34ቱ 14 ብለዋል። የተሸጠውን 28 ኪሎ ነው ለሁለት የከፈሉት። «ከቀረው ላይ» የሚለውን አላዩትም።

አማርኛ መምህርቷ ከሳቱት 51 ልጆች ውስጥ 20ውን ወስዳ አንድ በአንድ አስነበበቻቸው። ሒሳቡን አልጠየቀችም፤ ንባቡን ብቻ። ስድስቱ እነዚያን አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መጨረስ አልቻሉም። አንዱ «ነ... ጋ... ዴ» ሲል ቆይቶ ወደ ጤፉ ሲደርስ ነጋዴውን ረስቶታል። ከዚያ እሷ ጥያቄውን ጮክ ብላ ለ20ዎቹም አነበበችላቸው። 11ዱ በቃላቸው 28 አሉ።

ሒሳብ አይችሉም ብዬ ውጤት የሰጠኋቸው ልጆች ሒሳቡን ችለውታል። አማርኛው ነው ያስቀራቸው። በፈረንጆቹ 2010 በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያንን ቁጥር ስልጠና ላይ ሰምቼ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። የኔ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ሆኖ ግን አልታየኝም።

ደግሞ ሌላ ጉድ። ያገኙት 46 ልጆች ሁሉም ገብቷቸዋል ወይ ብዬ 12ቱን ጠየቅኩ። ሰባቱ 84ን ለሦስት ካካፈሉ በኋላ እዚያው ቆመዋል። 28። እንዴት እንዳልታየኝ! የመጀመሪያው እርምጃና የመጨረሻው መልስ አንድ ቁጥር ናቸው። ግማሹን ሠርቶ የቆመም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ጥያቄው ራሱ ሌባ ነው። አሁን ጤፉን 84 ሳይሆን 90 ኪሎ፣ የተሸጠውን ደግሞ አንድ አምስተኛ አድርጌዋለሁ። 18 ይሸጣል፤ ከ72ቱ ግማሹ ይሰጣል፤ 36 ይቀራል።

ታኅሣሥ 9

ወደ ሥራ ገባን። የ1 ለ 5 ቡድኖቹን አፍርሰን በስህተት ዓይነት አዋቀርናቸው። ድሮ አንድ ጎበዝ ደካሞቹን ይመራል። ጎበዙ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። አሁን ‹የ2/7 ቡድን›፣ ‹የ0.125 ቡድን› እና ‹የንባብ ቡድን› አሉ። ልጆቹ ስሙን ወደውታል። ‹ደካማ› ከመባል 2/7 መባል ይሻላል መሰለኝ።

የ2/7 ቡድን ወረቀት ያጥፋል። እኩል ርዝመት ያላቸው ቁራጮች፤ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት፣ አንዱን ለአሥራ ሁለት። ለ0.125ቹ መጀመሪያ በሳንቲም ልሞክር አልኩ። 0.6 ብር 60 ሳንቲም ነው ስል ዝም ብለው አዩኝ። ሳንቲም ይዘው ሱቅ ሄደው አያውቁም። ልክ ናቸው፤ በሳንቲም ምን ይገዛል? በልብስ ሰፊ ሜትር ቀየርኩት። 0.6 ሜትር 60 ሳንቲሜትር፣ 0.125 ሜትር ደግሞ አሥራ ሁለት ተኩል። በጣት ሲያሳዩት አለቀ። ንባቡን መምህርቷ ይዛዋለች፤ በቀን 20 ደቂቃ። የምታስነብባቸው የኔን የሒሳብ ጥያቄዎች ነው።

ሦስት ሳምንት ከለመንኩ በኋላ ፕሮግራሙም ተቀየረ! የ6ለ ሒሳብ ወደ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሄደ። አንደኛውን የወሰደው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። «የኔ ትምህርት ሲረፈድበት ምንም አይደለም ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? አኩርፎኛል። ሻይ ጋበዝኩት፣ ጠጣ፣ አሁንም አኩርፏል።

ታኅሣሥ 23

ሦስት ጥያቄ ያላት ቁራጭ ወረቀት ሰጠን። ማርክ የሌላት። እንደ 2/7 ዓይነት የሳቱት ከ51 ወደ 17 ወርደዋል። የአስርዮሹ ከ38 ወደ 9። ጋሼ «ጻፈው፣ ጻፈው» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ርዕሰ መምህሯ ሰምታ መጣች፤ ለሱፐርቫይዘሩ ልታሳይ ወረቀቱን ፎቶ አነሳች። እኔም ልቤ አበጠ።

ጥር 14

ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ያንኑ ዓይነት ሦስት ጥያቄ ዛሬ በድንገት ሰጠሁ። አስርዮሹ 10፤ ቆሟል። ክፍልፋዩ ግን ከ17 ወደ 29 ተመልሷል።

የአይሲቲው ልጅ «ፎቶው ተልኳል እኮ» አለ። እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ 29ኙን ደብቆ 17ቱን ማቆየት ነበር። አልዋሽም። ጋሼ ናቸው «ሁለቱንም ላክ፤ ከበዓል በፊትና ከበዓል በኋላ ብለህ» ያሉኝ። እነዚያ በመጀመሪያ የተቆጡት ጋሼ። ላክሁት። እስካሁን ማንም ምንም አላለም።

ለምን እንደተመለሰ የምንጠረጥረው አለ። ወረቀት አጥፈው በደንብ ሠሩ። ከወረቀቱ ወደ ቁጥሩ ግን ቶሎ አሻገርናቸው። ሜትሩ ላይ ቁጥሩ ራሱ ተጽፏል፤ የታጠፈው ወረቀት ላይ ምንም አልተጻፈም። ይህ የአማርኛ መምህርቷ ግምት ነው። ከኔ የተሻለ ሒሳብ እያስተማረች ነው።

ጥር 30

የካርድ ቀን። ወትሮ ወላጅ ይመጣል፣ ደረጃ ያያል፣ ልጁን በዓይኑ ይቆጣል፣ ይሄዳል። ዘንድሮ ለንባብ ቡድኑ ልጆች ወላጆች የጤፉን ጥያቄ ከካርዱ ጋር አሳየናቸው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «መምህር፣ ልጄ ሰነፍ ነው ማለትዎ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እናቴ፣ ሲነበብለት ይሠራዋል። ማንበቡ ነው የዘገየበት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እኔም አላነብም፤ እህቱ ግን ታነባለች፤ ማታ ማታ ታስነብበው?» አሉ። መምህርቷ ከኋላዬ ሆና «በቀን አንድ ገጽ፣ በቃ» አለቻቸው።

ያቺ የእንጀራዋ ልጅ 6ኛ ወጥታለች። አባቷ ስለ ክፍልፋይ ምንም አልጠየቁኝም።

የካቲት 5

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት። ጋሼ በ5ኛ ክፍል ቅደም ተከተሉን ቀይረዋል። ማባዛቱን ካስተማሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት መደመርና ማባዛቱን አደባልቀው ያሠራሉ። ልጆቹ ከመሥራታቸው በፊት «ይህ የቱ ነው?» ብለው እንዲወስኑ። የእንግሊዝኛው መምህርም ሊቀላቀለን ነው፤ አምስት ሆንን። የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ሰላም ማለት ጀምሯል።

ሰኞ ክፍልፋዩን እንደገና እንለካለን። አሁን የታጠፈው ወረቀት ላይ ቁጥር እየተጻፈበት ነው። 97 ቁራጭ ወረቀት ማባዛት አለብኝ። የማባዣው ቶነር አልቋል ተባልኩ። በእጅ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የንባብ ቡድኑን ግን ምን ላድርግ? ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ጎረቤታቸው ሲያነብ ይሰማሉ። ነገ መምህርቷን እጠይቃታለሁ።